ባለ 100 ሚሊግራም የኒኮቲን ጠርሙስ ቤት ሲገባ

ዳሞት (ፍኖተ ሰላም)

ጤና ይስጥልኝ የመድረኩ ቤተሰቦች። ይህን ክር የከፈትኩት ቬፕ (ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ) ከሲጋራ ይሻላል አይሻልም ለሚለው ክርክር አይደለም። የሚያሳስበኝ መሣሪያው ውስጥ የሚጨመረው ፈሳሽ፣ በተለይ ሳይበረዝ በትልቅ ጠርሙስ የሚመጣው ነው። በተጓዥ ሻንጣ የሚመጣው ጠርሙስ ላይ 72 ወይም 100 ሚሊግራም በሚሊሊትር ይላል። ወጪ ለመቆጠብ ያልተበረዘውን ይዘው ቤት ውስጥ የሚበርዙት አሉ። መልኩ ውኃ፣ ሽታው እምብዛም። የኛ ቤት ደግሞ ልጅ የሚንፏቀቅበት፣ ጠበሉም አረቄውም በሃይላንድ የሚቀመጥበት ቤት ነው።

ሦስት ነገር በቁጥርና በተግባር እንዲነገረን እፈልጋለሁ። ምን ያህል ጠንካራ ነው? ሰው ቢነካው ወይም ቢውጠው በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ምን ይደረጋል? ቤት ውስጥ ያለስ እንዴት ይቀመጥ፣ እንዴትስ ይወገድ? «አደገኛ ነው» የሚለውን ሁሉም ይለዋል፤ እሱ ብቻውን ማንንም አያስጠነቅቅም።

ኬሚስት ዘጣና (ባሕር ዳር)

አያ ዳሞት፣ ጥሩ አድርገህ ከፈትከው። ከቁጥሩ ልጀምር።

ጠርሙሱ ላይ ያለው ቁጥር በአንድ ሚሊሊትር ውስጥ ስንት ሚሊግራም ኒኮቲን እንዳለ ይናገራል። በመቶኛ ከተጻፈ በ10 ይባዛል፦ 2% ማለት 20 ሚሊግራም፣ 5% ማለት 50፣ 10% ማለት 100 ነው። «5» የሚለውን አይቶ 5 ሚሊግራም የመሰለው ሰው አሥር እጥፍ ተሳስቷል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው የትምባሆ መመሪያ ለተጠቃሚ የሚሸጥ ፈሳሽ ከ20 ሚሊግራም በሚሊሊትር፣ መሙያ ጠርሙሱም ከ10 ሚሊሊትር እንዳይበልጥ ወስኗል። ሁለቱን ስታባዛቸው በአንድ ጠርሙስ ውስጥ የሚኖረው ቢበዛ 200 ሚሊግራም ነው። ባለ 100 የሆነ የ250 ሚሊሊትር ጠርሙስ ግን 25,000 ሚሊግራም ይይዛል፤ 25 ግራም ኒኮቲን በአንድ ዕቃ ውስጥ ማለት ነው።

አንድ ሲጋራ ውስጥ ከ10 እስከ 15 ሚሊግራም ኒኮቲን ቢኖርም አብዛኛው ተቃጥሎ፣ በጢሱ በንኖ፣ በቁራጩ ቀርቶ አጫሹ ሰውነት ውስጥ የሚገባው ከ1 እስከ 1.5 ሚሊግራም ያህል ነው። ባለ 100ው ፈሳሽ አንዲት ሚሊሊትር፣ ወደ 20 ጠብታ፣ ከ65 እስከ 100 ሲጋራ አጭሶ የሚገኘውን ይዛለች።

ስለ ገዳይ መጠን መጻሕፍት ለረጅም ዘመን «ለአዋቂ 60 ሚሊግራም» ሲሉ ኖረዋል። ይህ ቁጥር በ19ኛው ክፍለ ዘመን በራሳቸው ላይ ከሞከሩ ሰዎች ዘገባ የተወሰደ መሆኑን የግራዝ ዩኒቨርሲቲው ፋርማኮሎጂስት በርንድ ማየር እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተመው ጽሑፍ አሳይቶ፣ ለአዋቂ ትክክለኛው ከ500 ሚሊግራም እንደሚጀምር ገምቷል። ይህን ይዘው «እንግዲያ ብዙም አያሰጋም» የሚሉ አሉ። ሒሳቡን ግን በጠርሙሱ ላይ አድርጉት፦ የባለ 100ው ፈሳሽ አንድ የሻይ ማንኪያ 5 ሚሊሊትር ነው፤ 5 በ100 ሲባዛ 500 ሚሊግራም። አንድ ማንኪያ!

ለሕፃን ደግሞ ሌላ ሒሳብ ነው። የአውሮፓ ኅብረት የኬሚካል ምደባ ኒኮቲንን በአፍ ሲገባ «ገዳይ» በሚለው መደብ አስቀምጦ፣ ለስሌት የሚጠቀምበትን መጠን በአንድ ኪሎ ክብደት 5 ሚሊግራም አድርጎታል። 10 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ 50 ሚሊግራም ይመጣል፤ ከባለ 100ው ግማሽ ሚሊሊትር፣ 10 ጠብታ ገደማ። ማስታወክና መንቀጥቀጥ ለማምጣት ከዚህ እጅግ ያነሰ ይበቃል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2014 በአሜሪካ ኒውዮርክ ግዛት የአንድ ዓመት ሕፃን ፈሳሽ ኒኮቲን ውጦ ሞቷል፤ ከዚያ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2016 መጀመሪያ የአገሪቱ ሕግ እነዚህ ጠርሙሶች ሕፃን የማይከፍተው ክዳን እንዲኖራቸው አስገደደ።

ድንገተኛ ክፍል (ደብረ ማርቆስ)

ሁለተኛውን ጥያቄ እኔ ልውሰደው። በመጀመሪያ ቤት ውስጥ የሚደረገውን፣ ቀጥሎ ጤና ጣቢያ ላይ የሚባለውን እለያለሁ፤ ሁለቱም ላይ ጊዜ የሚበላ ስሕተት ይሠራል።

ከተዋጠ፦ አፍ ውስጥ የቀረውን በእርጥብ ጨርቅ ጠርጉ። ልጁ ንቁ ከሆነና መዋጥ ከቻለ አፉን በውኃ ያጉመጥምጥ፣ ይትፋ። እንዲያስታውክ ጣት አትክተቱ፣ የጨው ውኃ አታጠጡ። ኒኮቲን በደቂቃዎች ውስጥ ራስን ሊያስት ወይም ሊያንቀጠቅጥ ስለሚችል የሚያስታውክ ልጅ ትውከቱ ወደ ሳንባው ይገባል። ወተት ይስጡት የሚለው የጎረቤት ምክር መርዙን አያረክስም፤ የሚያስታውከውን ብቻ ያበዛል። ሎሚም፣ ቡናም፣ አብሾም፣ አረቄም እንዲሁ። ልጁን በግራ ጎኑ አስተኝታችሁ ወዲያው ባጃጅም ሆነ አምቡላንስ ፈልጉ። የወረዳችሁን አምቡላንስ ስልክ ዛሬ መዝግቡት።

ቆዳ ላይ ከፈሰሰ፦ የነካውን ልብስ ሁሉ አውልቁ። ነጠላ ወይም ጋቢ ፈሳሹን ጠጥቶ ሰውነት ላይ ከዋለ ኒኮቲኑን ቀስ እያለ ወደ ቆዳ ያስገባል። እናት ልጅ አዝላ ከሆነ ሁለቱም ልብስ ይለውጣሉ፣ ሁለቱም ይታጠባሉ። በብዙ የሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ ማጠብ ነው ዋናው ሥራ፤ ሳሙናው ከዚያ በኋላ ይምጣ። አረቄ ወይም ሳኒታይዘር ፍለጋ አትሩጡ፤ የሚያጸዳው ውኃው ነው። የቆዳ ጫማና ቀበቶ ጠጥቶ ከሆነ ስለማይለቅ ይጣል።

ዓይን ውስጥ ከገባ፦ ሽፋሽፍቱን ከፍቶ በንጹሕ ውኃ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ማጠብ፣ ከዚያ ሐኪም። ይህንን ለብቻው የማነሳው የቬፕ ፈሳሽ ትንንሽ ጠርሙስ ከዓይን ጠብታ ጠርሙስ ጋር ስለሚመሳሰል ነው። ትራኮማ ባለበት አገር በየቤቱ የዓይን መድኃኒት አለ፤ ሁለቱን አንድ መሳቢያ ውስጥ ማስቀመጥ ጉዳት መጥራት ነው።

ምልክቱ በሁለት ደረጃ ይመጣል። ከ15 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ማቅለሽለሽ፣ ማስታወክ፣ የምራቅ መብዛት፣ ላብ፣ መገርጣት፣ የልብ ምት መፍጠን፣ መንቀጥቀጥ ይታያል፤ ከባድ ሲሆን አንዘፍዝፎ ይጥላል። ቀጥሎ ሁሉም ይገለበጣል፦ ምቱ ይዘገያል፣ ግፊቱ ይወርዳል፣ ጡንቻው ይዝላል፣ መጨረሻ ላይ የመተንፈሻ ጡንቻዎች ሥራ ያቆማሉ። «ተረጋጋ፣ ተኛ» ተብሎ የሚተወው ልጅ በዚህኛው ደረጃ ላይ ያለው ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ ጤና ጣቢያው። ምራቅ፣ ላብ፣ ትውከትና መንቀጥቀጥ ይዞ የመጣን ሰው እኛ አገር የሚያየው ባለሙያ መጀመሪያ የሚያስበው የፀረ ተባይ መድኃኒት መመረዝን፣ ማለትም ኦርጋኖፎስፌትን ነው። አዝመራ በሚረጭበት ወቅት ትክክለኛ ግምት ነው። ሕክምናቸው ግን በሙሉ አንድ አይደለም። ስለዚህ ጠርሙሱን ይዛችሁ ሂዱ፤ በር ላይ «ኒኮቲን ነው፣ 100 ሚሊግራም በሚሊሊትር፣ ይህን ያህል ጎድሏል፣ የዋጠው በዚህ ሰዓት ነው» በሉ። እነዚህ አራት ነገሮች ከየትኛውም ታሪክ ይበልጣሉ።

ወጣት ባለሙያዎች ካላችሁ፦ ለኒኮቲን የተለየ ማርከሻ የለም። መንዘፍዘፍ ላይ ዲያዜፓም፣ ምቱ ሲዘገይና ምራቁ ሲበዛ አትሮፒን ይጠቅማል፤ የጡንቻ መዛልን ግን አትሮፒን አይመልስም። ለኦርጋኖፎስፌት የሚሰጠው ፕራሊዶክሲም እዚህ ሥራ የለውም። ሰውነት ኒኮቲንን የሚያጋምስበት ጊዜ ወደ 2 ሰዓት ስለሆነ ታካሚው በአምቡ ባግ (በእጅ በሚጨመቅ የመተንፈሻ ፊኛ) እስትንፋሱ ከተያዘለት ሰዓታትን አልፎ የመዳን ዕድሉ ጥሩ ነው። ኦርጋኖፎስፌት ቀናት ሊወስድ ይችላል፤ ይህኛው ሰዓታት ነው። ቬንቲሌተር የለም ብሎ እጅን ማጣጠፍ አይገባም፤ እየተፈራረቁ በእጅ መንፋት ይቻላል።

እናርጅ እናውጋ

ሲስተር እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ይህንን አትሜ እለጥፈዋለሁ። አንድ ጥያቄ፦ «ሶልት» (የኒኮቲን ጨው) የሚባለው የቬፕ ፈሳሽ ጉሮሮ ስለማይከረክር የዋህ ነው ይባላል። እውነት መርዝነቱ ያንሳል?

ኬሚስት ዘጣና (ባሕር ዳር)

አያንስም። የማይከረክርበት ምክንያት ቤንዞይክ አሲድን የመሰለ አሲድ ተጨምሮበት የፈሳሹ ቤዝነት (የአሲድ ተቃራኒ የሆነው ባሕርይ) ስለሚወርድ ነው። ቤዝ የሆነው ኒኮቲን ጉሮሮን ያቃጥላል፤ ስለዚህ አጫሹ 18 ሚሊግራም ላይ ሲደርስ ያስለዋል። ሶልቱ ግን 50 ሆኖም አያስልም። የሚከለክል ማስጠንቀቂያ ጠፋ ማለት ነው እንጂ ኒኮቲኑ አልቀነሰም። ሲዋጥ ሁለቱም አንጀት ላይ ደርሰው ደም ውስጥ ይገባሉ።

ከዚህ ጋር የሚያያዝ ሌላ ነገር አለ። የፈሳሽን ጥንካሬ በአሲድ ጠብታ የሚለኩ የቤት መሞከሪያ ኪቶች አሉ። የሚለኩት ቤዙን ነው፤ ሶልቱ አስቀድሞ በአሲድ ስለተያዘ ኪቱ ከእውነተኛው እጅግ ያነሰ ቁጥር ይሰጣል። ባለ 50 ሶልት «ምንም የለውም» ሊባል ይችላል። በምላስ መቅመስ ደግሞ ፈጽሞ መለኪያ አይደለም። መልኩም አይሆንም፦ ኒኮቲን አየርና ብርሃን ሲያገኘው ቢጫ፣ ከዚያም ቡናማ ይሆናል፤ ይህ ማርጀቱን እንጂ ጥንካሬውን አይናገርም።

ሞጣ 4

ይቅርታ፣ ጥያቄዬ ወጣ ያለ ነው። አባቶቻችን ከብት አልቅት ሲይዘው የትምባሆ ቅጠል ጨምቀው በአፍንጫው ያንጠባጥቡለታል። የሚሠራው ኒኮቲኑ ከሆነ ቤት የተቀመጠውን ፈሳሽ ለዚያ ማዋል አይቻልም? ከመድፋት ይሻላል ብዬ ነው።

የከብት ሐኪም (ዳንግላ)

ሞጣ፣ ጥያቄህ ወጣ ያለ አይደለም፤ አንተ ስላነሳኸው ደስ ብሎኛል፣ ምክንያቱም ይህን የሚያስብ አንተ ብቻ አትሆንም። መልሱ አይቻልም ነው።

አልቅቱን የሚያስለቅቀው ኒኮቲን መሆኑ ልክ ነው። ነገር ግን ቅጠሉ ከደረቀ በኋላም ኒኮቲኑ ብዙውን ጊዜ ከክብደቱ ከ1 እስከ 3 በመቶ ነው፤ ከዚያም በውኃ ሲጨመቅ የሚወጣው ከፊሉ ብቻ ነው። ባለ 100ው ፈሳሽ 10 በመቶ ሆኖ፣ ሁሉም ሟሙቶ፣ ወዲያው ለመግባት የተዘጋጀ ነው። ኒኮቲኑ የሟሟበት ፈሳሽ ፕሮፒሊን ግላይኮልና ግሊሰሪን ስለሆነ የአፍንጫ ቆዳ ላይ ተጣብቆ ይቆያል፤ እንደ ቅጠሉ ጭማቂ ተንጠባጥቦ አይወርድም። የአፍንጫ ውስጥ ሽፋን ስስ ነው፣ ደም ሥሩ ብዙ ነው። ጥጃ ወይም በግ ላይ ጥቂት ሚሊሊትር የሚያንዘፈዝፍ መጠን ነው። የሚያንጠባጥበው ሰውም በባዶ እጁ የከብቱን አፍንጫ ይዞ ነው፤ ከብቱ ሲያስነጥስ ፊቱ ላይ ይረጨዋል።

የድሮዎቹ ገበሬዎች በአሜሪካ 40 በመቶ ኒኮቲን ሰልፌት የያዘ «ብላክ ሊፍ 40» የሚባል ፀረ ተባይ ይረጩ ነበር። አደገኛነቱ ታይቶ ከገበያ ወጥቷል። ስለዚህ ኒኮቲን ለእርሻና ለከብት የተሞከረ ነገር ነው፤ ተሞክሮም የተተወ ነው።

ለአልቅት፦ ከብቱን ውኃ ሳታጠጣ አቆይተህ ጠራ ያለ ውኃ በገበቴ አቅርብለት። አልቅቱ ውኃውን ሲሸት ከአፍንጫው ብቅ ይላል፤ በጨርቅ ይዘህ ቀስ አድርገህ ሳብ። እምቢ ካለ ወፍራም የጨው ውኃ በመርፌ አልባ ስሪንጅ አፍንጫው ውስጥ ይታጠባል። ጠልቆ ጉሮሮ ከገባና ደም ካላቋረጠ ወደ ክሊኒክ አምጣው።

ደጀን በረሃ

ስለ ጉዞ ማንም ስላላነሳ እኔ ልጨምር። ጠርሙሱ ሳይከፈት ሊያፈስ እንደሚችል ብዙ ሰው አያውቅም። ባሕር ዳርቻ ባለ አገር የተሞላ ጠርሙስ ውስጡ ያለው አየር የዚያን ቦታ ግፊት ይዟል። ማርቆስ ከፍታዋ 2,400 ሜትር ገደማ ነው፤ እዚያ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ ሩብ ያህል ይጎድላል። ውስጥ የታሰረው አየር ልስፋ ይላል። 100 ሚሊሊትር ጠርሙስ ውስጥ 20 ሚሊሊትር አየር ካለ ከ6 እስከ 7 ሚሊሊትር መጨመር ይፈልጋል። ጠርሙሱ ጠብታ ማንጠባጠቢያ አፍ ያለው ከሆነና ተገልብጦ ሻንጣ ውስጥ ካለ የሚወጣው አየሩ ሳይሆን ፈሳሹ ነው። 7 ሚሊሊትር በ100 ሲባዛ 700 ሚሊግራም ልብስ ላይ ማለት ነው።

የዓባይ በረሃም የራሱ ጣጣ አለው። ከደጀን ድልድዩ ድረስ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁለት ነው፣ ማዶው ያንኑ ያህል ዳገት። ታች ሲሞቅ የተከፈተና ተመልሶ የተከደነ ጠርሙስ ጎሃ ጽዮን ሲደርስ ያብጣል። በመኪና የሚይዝ ሰው ቀጥ አድርጎ፣ በሁለት የታሰረ ፌስታል ውስጥ፣ ወረቀት አጥብቆ ጠቅልሎ ይያዝ፤ መንገድ ላይ አይክፈት።

ኬሚስት ዘጣና (ባሕር ዳር)

ደጀን ያለው ትክክል ነው፤ አንድ ልጨምር። ከጉዞ በኋላ መጀመሪያ ሲከፈት ፊት አዙሮ፣ ክዳኑን በጨርቅ ሸፍኖ፣ ሩብ ዙር ብቻ ፈታ አድርጎ አየሩ እስኪወጣ መጠበቅ ነው። ፕላስቲኩን ጨምቆ መያዝ አይገባም፤ ይተፋል።

ጓንት፦ ናይትሪል ይመረጣል። መድኃኒት ቤት ያገኛችሁት የላቴክስ የምርመራ ጓንት ብቻ ከሆነ ሁለት ደራርቡ፣ ፈሳሽ ሲነካው ወዲያው ለውጡ። ቀዳዳ ያለው ጓንት ከባዶ እጅ ይብሳል፤ ፈሳሹን ከቆዳ ጋር አጣብቆ ያቆየዋል።

አስቀማመጥ፦ በመጣበት ጠርሙስ፣ ቁጥሩ ሳይፋቅ፣ በሚቆለፍ ሣጥን፣ ብርሃን በሌለበት ቀዝቃዛ ቦታ። ምግብ ያለበት ማቀዝቀዣ ውስጥ አይሆንም። ተጭኖ የሚዞረው ክዳን ልጅን ያዘገየዋል እንጂ አያግደውም፤ በደንብ ካልተጠመጠመ ደግሞ ተራ ክዳን ነው። ከሁሉ የከፋው ግልበጣ ነው። ወደ ሃይላንድ ወይም ወደ አረቄ ጠርሙስ የተገለበጠ ኒኮቲን ጠበል ወይም አረቄ ይመስላል፤ ጠበል ደግሞ ማንም ጠይቆ አይጠጣም፣ አማትቦ ይጎነጫል። አንድ ጉንጭ ከ20 ሚሊሊትር በላይ ሊሆን ይችላል፤ ከባለ 100ው 2,000 ሚሊግራም። ከላይ የማየርን ቁጥር አስታውሱ።

ወለል ላይ ከፈሰሰ፦ እኛ ቤት የፈሰሰ ነገር ላይ አመድ መበተን የተለመደ ነው። ለዚህ ግን አመድ አይሁን። አመድ ቤዝ ነው፤ ኒኮቲንን ነጻ ያወጣዋል፣ ያኔ በቆዳም በሳንባም በቀላሉ ይገባል። የሱዳን ቶምባክ (አፍ ውስጥ የሚያዝ ትምባሆ) ላይ አትሮን የተባለ ቤዝ የሚጨመረውም ኒኮቲኑ ቶሎ እንዲገባ ነው። ደረቅ አሸዋ ወይም የእንጨት ሰጋቱራ አልብሱት፣ መስኮት ክፈቱ፣ ልጆችንና ዶሮዎችን አርቁ፣ ሲጠጣ በጓንት አፍሳችሁ ፌስታል ውስጥ እሰሩ፣ ቦታውን በብዙ ውኃ ደጋግማችሁ እጠቡ።

ብቸና

«ኮምጣጤ ወይም ሎሚ ቢጨመርበት ይረክሳል» የሚሉ አሉ። ከላይ ከተባለው እንደምረዳው አሲድ ሶልት ያደርገዋል እንጂ አያጠፋውም። ልክ ነኝ?

ኬሚስት ዘጣና (ባሕር ዳር)

ልክ ነህ። ትነቱ ይቀንሳል፤ መርዙ እንዳለ ነው።

መድኃኒት ቤት (ቡሬ)

ስለ መበረዝ ዝም ብለን ማለፍ የለብንም፤ የሚያደርጉት አሉና። ላበረታታ አይደለም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ኒኮቲን የሚያደርሱ ኤሌክትሮኒክ መሣሪያዎችን ማምረት፣ ማስገባት፣ ማከፋፈልና መሸጥ ከልክሏል። በተግባር ይህ ምን ማለት እንደሆነ አስቡበት፦ በእጅ ያለው ጠርሙስ በማንም ተፈትሾ አልመጣም። ቁጥሩ የጻፈው ሰው ቃል ብቻ ነው። ባለ 20 የተባለው 50 ቢሆን የሚጠየቅ የለም፤ የተበላሸ ምርት ሲገኝም «መልሱ» የሚል ማስታወቂያ አይወጣም።

ስሕተቱ የሚሠራባቸው ቦታዎች እነዚህ ናቸው። አንደኛ ስሌቱ። 100 ሚሊሊትር ባለ 3 ሚሊግራም ፈሳሽ ውስጥ ከባለ 100ው የሚገባው 3 ሚሊሊትር ብቻ ነው፤ የተቀረው 97 ያለ ኒኮቲን ነው። 3ቱን 30 ያደረገ ሰው ባለ 30 ሠርቷል። ማንኪያና ቡሽ መለኪያ አይሆኑም። ሁለተኛ አለመዋሃዱ። ግሊሰሪን ወፍራም ስለሆነ በተለይ በብርድ ኒኮቲኑ አንድ ቦታ ተሰብስቦ ይቀራል፤ የጠርሙሱ አንዱ ክፍል ቀላል፣ ሌላው ብርቱ ይሆናል። ሦስተኛ ግሊሰሪኑ ራሱ። ከመዋቢያ ሱቅ የሚገዛው የቆዳ ግሊሰሪን ለመተንፈስ የተሠራ አይደለም፤ ሽቶ ሊኖረው ይችላል። ንጽሕናው ያልተረጋገጠ ግሊሰሪንና ፕሮፒሊን ግላይኮል ደግሞ ዳይኤትሊን ግላይኮል በተባለ የኩላሊት መርዝ ተበክሎ ሊገኝ ይችላል፤ በተለያዩ አገሮች በሳል ሽሮፕ ሕፃናትን የገደለው እሱ ነው። አራተኛ ዘይት። ለጣዕም ብሎ የምግብ ዘይት ወይም የሽቶ ዘይት የሚጨምር ሰው ዘይቱን ሳንባው ውስጥ እያስቀመጠ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 እና በ2020 መጀመሪያ አሜሪካ ውስጥ በቬፕ ምክንያት ከ2,800 በላይ ሰዎች ሆስፒታል የገቡበትና 68 የሞቱበት የሳንባ ጉዳት በዋናነት የተያያዘው በካናቢስ ካርትሪጅ ውስጥ ከተገኘው ቫይታሚን ኢ አሲቴት ከተባለው ዘይት ጋር እንጂ ከኒኮቲኑ ጋር አልነበረም። ሁለቱን አደጋዎች አታምታቱ፤ አንዱ ከሌላው አያድንም።

ስሪንጅ ተጠቅሞ ያስቀመጠ ሰው ካለ ያንን ስሪንጅ ይስበረው። ለልጅ የሽሮፕ መድኃኒት የሚለካበት ስሪንጅ ከዚያኛው አይለይም።

ዳሞት (ፍኖተ ሰላም)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሁለት ነገር ቀረኝ። ሰው ቤቱ ያለውን ጠርሙስ ማስወገድ ቢፈልግ የት ይውሰደው? ሕጉን ፈርቶ ሽንት ቤት ወይም ወንዝ ውስጥ የሚደፋ ይኖራል። ሁለተኛ፣ ልጁ ጠርሙሱን ሲልስ ታይቶ ግን ደህና ቢመስል ምን ይደረጋል?

መድኃኒት ቤት (ቡሬ)

ወንዝ ውስጥ አይደፋ። ኒኮቲን ለውኃ ውስጥ ፍጥረት መርዛማ ተብሎ የተመደበ ነው፣ ጉዳቱም ይቆያል። ብር ወንዝም ሆነ ጨሞጋ ወንዝ ላይ ከብት ይጠጣል፣ ሕፃናት ይዋኛሉ፣ ከታች ደግሞ አትክልት የሚያጠጣ አለ። ከጉድጓድ ውኃ አጠገብ ያለ ሽንት ቤትም አይሆንም። ቤት ውስጥ ማቃጠልም አይገባም፤ ተኖ ወደ ሚያቃጥለው ሰው ሳንባ ይገባል። ጠርሙሱን እንዳለ፣ ክዳኑን በፕላስተር አሽጎ፣ በሁለት ፌስታል አስሮ፣ ላዩ ላይ «ኒኮቲን፣ መርዝ» ብሎ ጽፎ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል ፋርማሲ መውሰድ ነው። ጊዜው ያለፈበትን መድኃኒት ለይቶ የሚያስወግድ ባለሙያ እዚያ አለ። ሳትይዙት አስቀድማችሁ ሄዳችሁ ጠይቁ፤ «እንዲህ ያለ ነገር አለኝ፣ የት ላድርሰው» ማለት ይበቃል።

ተጠቅመው የሚጥሏቸው መሣሪያዎችም አይረሱ። ውስጣቸው ጥጥ አለ። ባለ 50 ሆኖ 10 ሚሊሊትር የሚይዘው ሙሉ ሳለ 500 ሚሊግራም ነበረው፤ «አለቀ» ሲባልም ጥጡ እርጥብ ነው። ልጅ የሚስበው የማንጎና የእንጆሪ ሽታው ነው። ቆሻሻ መጣያ ላይ ክፍት አይጣል።

ድንገተኛ ክፍል (ደብረ ማርቆስ)

ሁለተኛውን እኔ። ያልተበረዘ ፈሳሽ ከሆነ ደህና መምሰሉን አትጠብቁ፤ አፉን ጠርጋችሁ ወዲያው አምጡት። ጤና ተቋም ውስጥ ሆኖ ቢያንስ 6 ሰዓት እንዲታይ እንፈልጋለን። ባለ 3 ወይም ባለ 6 የተበረዘ ቢሆንም መጠኑን የሚያውቅ ከሌለ እንደ ብርቱው ይታሰብ።

ጠርሙሱ ላይ ቁጥር ከሌለም ይዛችሁ ኑ፤ የጎደለውን መጠን በብዕር ጠርሙሱ ላይ ምልክት አድርጉበት። እንዳይከስሱን ብሎ «ምን እንደዋጠ አናውቅም» ማለት ልጁን ለተሳሳተ ሕክምና ይዳርገዋል። እኛ የምንጠይቀው ለሕክምናው ነው። መንገድ ላይ ልጁ እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው አታስተኙት ሳይሆን እስትንፋሱን እዩ፦ ደረቱ የሚነሳና የሚወርድ መሆኑን፣ ከንፈሩ አለመጥቆሩን። መተንፈስ ካቆመ ባጃጁን አቁማችሁ አፉን በጨርቅ ጠርጉ፣ አፍና አፍንጫውን በአፋችሁ ሸፍናችሁ በየ3 ሰከንዱ አንድ ጊዜ ቀስ ብላችሁ ንፉ፤ ከንፈሩ ላይ ፈሳሽ እንዳይቀር መጀመሪያ በውኃ አጥቡት፣ ለምትነፉት ለእናንተም ነው። መንፋቱን ከጀመራችሁ በኋላ ሌላው ሰው ባጃጁን ያስነዳ።